የሚሸነፍ ሰው ፍለጋ

ከተሞች የሚወለዱት አንድም በወንዝ ዳር፣ አንድም በገበያ፣ አንድም በጦር ሠፈር ነው ይባላል። የእኛይቱ ከተማ ግን ከእነዚህ ሁሉ በላቀ ምክንያት ተወለደች፤ በደብዳቤ። እስከ ሰኞ ድረስ “ከነዳጅ ማደያው ወዲያ ያሉት ቤቶች” ነበር የምትባለው። ማክሰኞ ጠዋት ነዋሪዎቿ ከእንቅልፋቸው ሲነቁ ከተሜ ሆነው ተገኙ። ውሃው እንደ ቀድሞው ሲያሰኘው ብቅ ይላል፤ አስፋልቱም አደባባዩ ጋ ሲደርስ ሐሳቡን ቀይሮ ይቆማል። ቢሆንም ከተማዋ ከውሃና ከአስፋልት አስቀድሞ ማኅተም እንዲኖራት ተደረገ፤ ይህም አርቆ አሳቢነት ነው። ውሃ ይፈስሳል፣ አስፋልት ይቆፈራል፤ ማኅተም ግን መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት በሰላም ይኖራል።

ማኅተም ካለ ደግሞ የሚያስመታ አካል ያስፈልጋል። ስለዚህ የመጀመሪያው የከተማ ምክር ቤት ምርጫ እንዲካሄድ፣ እያንዳንዱ ቀጠናም አንድ ተወካይ እንዲመርጥ ታወጀ።

በሦስተኛው ቀጠና “ማን ይመረጥ ይሆን?” ብሎ የተጨነቀ ሰው አልነበረም፤ ሊቀመንበሩ አሉና። እኚህ ሰው ሊቀመንበር የተባሉት የአንድ ነገር ሊቀመንበር ስለሆኑ ሳይሆን የሁሉም ስለሆኑ ነው። የወላጆች ኮሚቴ፣ የቆሻሻ መኪና ጠሪ ኮሚቴ፣ የመንገድ መብራት ኮሚቴ፣ እነዚህን ሁሉ የሚያስተባብረውንም ኮሚቴ ጭምር የሚመሩት እሳቸው ናቸው። የመብራት ምሰሶዎቹ በእሳቸው ብርቱ ትግል ቆመዋል፤ መብራቱ በሂደት ላይ ነው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ቆመው ሲያወሩ ካዩ ጠጋ ብለው “አጀንዳው ምንድን ነው?” ይላሉ።

ከጡረታ በፊት ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንድ መሥሪያ ቤት ምክትል ሆነው ነው የኖሩት። ዋናው ሲታመም ይፈርማሉ፤ ዋናው ሲድን ብዕራቸውን ወደ ኪሳቸው ይመልሳሉ። ጠረጴዛ ላይ የሚቆም፣ ስማቸው የተቀረጸበት ሰሌዳ ኖሯቸው አያውቅም። ይህን ለማንም አይናገሩም እንጂ ያማቸው ነበር፤ በጣም ያማቸው ነበር። አሁን በምክር ቤቱ አዳራሽ በእያንዳንዱ ወንበር ፊት የስም ሰሌዳና ማይክሮፎን እንደሚቀመጥ ከሰሙ ወዲህ እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞር ብሏል።

ለምዝገባ ወደ ምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ሄዱ። ጽሕፈት ቤቱ የቀለም መሸጫ የነበረ ሱቅ ነው፤ ባዶ ጣሳዎቹ ገና ጥግ ላይ ተደርድረዋል። መዝጋቢዋ ወጣት ሴት ናት።

“የምርጫ ምልክትዎ?” አለቻቸው።

“አምፖል።”

“ተፎካካሪዎ ማን ናቸው?”

“የምን ተፎካካሪ?”

“ከእርስዎ ጋር የሚወዳደር ሰው።”

ሊቀመንበሩ በትሕትና ፈገግ አሉ። “ልጄ፣ ከእኔ ጋር ማን ይወዳደራል ብለሽ ነው?”

“ማንም ከሌለ ምርጫ የለም። አንድ ዕጩ ብቻ ያለበት ቀጠና ወንበሩ ባዶ ሆኖ ይቀመጣል። ደንቡ ነው።”

“ባዶ? እኔ እያለሁ?”

“እርስዎ እያሉ። ወይ የሚሸነፍ ሰው ይዘው ይምጡ።”

ዲሞክራሲ አሸናፊ ብቻ ሳይሆን ተሸናፊም እንደሚፈልግ ሊቀመንበሩ ያን ዕለት ተረዱ። አሸናፊውን ከቤታቸው ይዘው መጥተዋል። ተሸናፊ ለማግኘት ግን ቀጠናውን ማሰስ ነበረባቸው።

መጀመሪያ ወደ ፋርማሲስቱ ጎራ አሉ።

“እርስዎ ባሉበት? ኧረ ነውር ነው!” አለ ፋርማሲስቱ።

“ነውር አይደለም፤ ሕግ ነው።”

“ሕግ ይሁን፤ ዓይንዎን እያየሁ እንዴት ብዬ ነው የምወዳደርዎት? የደም ግፊት መድኃኒትዎን የሚገዙት ከእኔ ነው። ነገ ግፊትዎ ከፍ ቢል እሱ ነው ያስጨነቃቸው ልባል?”

ጎማ ጠጋኙ በበኩሉ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ረዘም ላለ ጊዜ አሰበበት።

“ብሸነፍ ደንበኛ ይስቅብኛል። ባሸንፍ ደግሞ...”

“አታሸንፍም” አሉት ሊቀመንበሩ።

“እሱን እኔም አውቀዋለሁ፤ ግን እንዲህ ፊት ለፊት ሲሉኝ ትንሽ ቅር አለኝ” አለና ወደ ጎማው ተመለሰ።

በቀጠናው ሊቀመንበሩን የማያከብር ሰው ጠፋ፤ ይህም ሊቀመንበሩን ክፉኛ አበሳጫቸው። አንድ ደህና ጠላት ማፍራት ሳይችሉ ይህን ያህል ዘመን በመኖራቸው ራሳቸውን ወቀሱ። ደክሟቸው ቤታቸው ሲገቡ፣ ለካ የሚፈልጉት ሰው ሶፋቸው ላይ ተጋድሟል።

የተጋደመው የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም ነው። ላውንደሪ ቤት ልብስ ተኳሽ ነበር፤ ላውንደሪው ሲዘጋ “ሥራ እስካገኝ” ብሎ ወደ እህቱ ቤት መጣ፤ ሥራውም እስካሁን እየተፈለገ ነው። ክፋት የለበትም። ድምፁ አይሰማም፣ የቀረበለትን ይበላል፣ የቤቱን ልብስ ሁሉ ይተኩሳል።

“ተነስ እስቲ። ለምርጫ ትወዳደራለህ” አሉት።

“ከማን ጋር?”

“ከእኔ ጋር።”

አማችየው ከሶፋው ላይ ተንሸራቶ ሊወድቅ ነበር። “ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?”

“ምንም አላጠፋህም። ስምህ ወረቀቱ ላይ እንዲኖር ብቻ ነው። መሸነፍ ነው ሥራህ።”

“መሸነፍ ምን ያስፈልገዋል?”

“ምንም። እስካሁን ስታደርገው የኖርከውን መቀጠል ነው።”

ባለቤታቸው ይህን ሰምተው ከጓዳ ወጡ። “ወንድሜን ሕዝብ ፊት ልታዋርደው ነው?”

“ለከተማዋ ሲባል ነው።”

“ከተማዋ ለእሱ ምን አድርጋለታለች?”

“ዕድል ልትሰጠው ነው።”

“የመሸነፍ ዕድል!”

“እሱም ዕድል ነው። ሌላ ያገኘው አለ?”

አማችየው በእህቱና በእህቱ ባል መካከል ጠብ እንዳይነሳ ሲል ተስማማ። ምልክትህ ምን ይሁን ሲሉትም ከሚያውቀው ነገር ሌላ አልመጣለትም፤ ካውያ አለ። “ጋሼ፣ ቃሌ ቃል ነው። እርስዎን አላሸንፍም” ሲል እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ማለ።

የዕጩዎች ክርክር የተካሄደው በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ክፍል ነው። መራጩ ሕዝብ በሕፃናት ወንበር ላይ፣ ጉልበቱን አገጩ ሥር ይዞ ተቀመጠ። የሁለቱንም ዕጩዎች ንግግር የጻፉት ሊቀመንበሩ ናቸው፤ ይህም ክርክሩ ከጭቅጭቅ የጸዳ እንዲሆን ረድቷል። የራሳቸውን ሲያሰሙ፣ የከተማዋን ዘርፈ ብዙ ዕድገት ባለድርሻ አካላትን ባሳተፈ፣ በተቀናጀና በተናበበ መልኩ ወደ ላቀ ምዕራፍ ለማሸጋገር የሚያስችል ቁመና ላይ ለመድረስ የሚያስችል ቁመና ላይ እንደሚገኙ አብራሩ። ሕዝቡም በአክብሮት አጨበጨበ።

ቀጥሎ አማችየው ተነሣ። የሊቀመንበሩን ሱፍ ያን ጠዋት ሲተኩስ አርፍዶ ለራሱ ጊዜ ስላልተረፈው ሸሚዙ እንደ ተጨማደደ ነው። ወረቀቱን ዘርግቶ ማንበብ ጀመረ።

“ልምድ የለኝም። ዕቅድም የለኝም። እዚህ የቆምኩት በድፍረት ነው። እዚህ ላይ ተንተባተብ።”

አማችየው በቅንፍ የተጻፈለትን ምክር አብሮ ማንበቡን አላወቀም፤ ወዲያው ግን በታዛዥነት ተንተባተበ። አንዲት ጡረተኛ መምህርት “እኔን!” ሲሉ ተሰሙ።

“የውሃን ጉዳይ እንዴት ያዩታል?” ብሎ ጎማ ጠጋኙ ጠየቀው። ይህ ወረቀቱ ላይ አልነበረም።

“አላየሁትም። ልብስ ስተኩስ የምረጨው እንኳ አጣሁ” አለ አማችየው። ከዚያ ላቡን ጠርጎ፣ “ጋሼን ምረጧቸው፤ ጥሩ ሰው ናቸው” ብሎ ተቀመጠ።

ሊቀመንበሩ በውጤቱ ረኩ። ረክተው ሲያበቁ ግን አንድ ሥጋት ያዛቸው። ሰውዬው አንድም ድምፅ ሳያገኝ ቢቀርስ? ከበላይ አካል የሚመጣው ታዛቢ ምን ይላል? ደግሞስ ባለቤታቸውን ከዚያ በኋላ በምን ዓይናቸው ያይዋቸዋል? ስለዚህ ለባለቤታቸው፣ “አንቺ እንኳ ለወንድምሽ ስጪው” አሏቸው።

“ሳትነግረኝም” አሉ ባለቤታቸው።

ለፋርማሲስቱና ለጎማ ጠጋኙም እንደዚሁ በጆሯቸው፣ “ለዚያ ልጅ አንድ አንድ ድምፅ ጣል አድርጉለት። ሰው ነው፤ ይከፋዋል” አሏቸው። ሁለቱም የሊቀመንበሩን ደግነት እያደነቁ ተስማሙ።

የምርጫው ቀን ደረሰ። ሊቀመንበሩ ወረቀታቸውን ይዘው ከመጋረጃው ጀርባ ገቡ። አምፖሏ አለች፤ ከሥሯ ካውያው። እጃቸው ወደ አምፖሏ ሲሄድ የራሳቸውን እጅጌ አዩ፤ እንደ አዲስ ተተኩሷል። ውጭ አማቻቸው በዚያው በተጨማደደ ሸሚዙ ተራ ይጠብቃል። የመሥሪያ ቤታቸው ሰዎች ሥራውን እያሠሯቸው ስማቸውን የማይጠሩላቸው ዘመን ትዝ አላቸው፤ አዘኑለት። አንድ ድምፅ ምን ታመጣለች? ብዕራቸው ካውያው ላይ ምልክት አደረገ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ንግግር መልካም ሥራ ሠሩ፤ ቀለል ብሏቸው ወጡ።

ኮሮጆው ከሰዓት በኋላ በዚያው በትምህርት ቤቱ ክፍል በሕዝብ ፊት ተከፈተ። መዝጋቢዋ ወረቀቱን አንድ በአንድ እየዘረጋች ትጠራለች።

“ካውያ።”

ሊቀመንበሩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይቺ የባለቤቴ ናት አሉ በልባቸው።

“ካውያ።” የፋርማሲስቱ። “ካውያ።” የጎማ ጠጋኙ። “ካውያ።” ይቺ ደግሞ የራሴ፤ ብለው አሰቡና ፈገግ አሉ።

“ካውያ።”

ፈገግታው ፊታቸው ላይ ቀረ፤ ምን እንደሚሠራ ግን ጠፍቶታል።

“ካውያ። ካውያ። ካውያ።”

ሰዉ እርስ በርሱ መተያየት ጀመረ። “እኔ እኮ አንዷ ድምፅ ምን ታመጣለች ብዬ ነው” ሲሉ ጡረተኛዋ መምህርት ተንሾካሾኩ። “እኔም ነኝ። እሳቸው መቼም አይቀርላቸውም፤ ያ ምስኪን እንዳያፍር ብዬ” አለ ከኋላ ያለው። ከእሱም ኋላ ያለው እንዲሁ አለ። ቀጠናው በሙሉ፣ አንዱ ለሌላው ሳይነግር፣ በየግሉ ደግ ሆኖ ውሏል። ከበላይ አካል የመጣው ታዛቢ ይህን የመሰለ የሕዝብ አንድነት አይቶ እንደማያውቅ በማስታወሻው ላይ ጻፈ።

ኮሮጆው ሊያልቅ ሲል መዝጋቢዋ አንድ ወረቀት ዘረጋች። ቀና ብላ ሊቀመንበሩን አየቻቸው።

“አምፖል” አለች ለስለስ ብላ።

ክፍሉ በሙሉ ወደ እሳቸው ዞረ። አንድ ሰው ሳል መጣበት። ከዚያች በቀር ሌላ አምፖል አልተገኘም።

“እኔ አይደለሁም!” አሉ ሊቀመንበሩ።

“ምን አለበት፤ ሰው ራሱን ቢመርጥ ወንጀል ነው እንዴ?” አሉ መምህርቷ በርኅራኄ።

“አልመረጥኩም እኮ! እኔ የመረጥኩት ካውያን ነው!”

“አይዞዎት ሊቀመንበር፣ ማንም ያደርገዋል” አለ ፋርማሲስቱ፤ ትከሻቸውን ይዞም ስለ ደም ግፊታቸው ጠየቃቸው። ባለቤታቸው ክንዳቸውን ሳብ አድርገው፣ “በቃ፣ ቤት እንግባ። ሰው እያየህ ነው” አሏቸው። የስም ሰሌዳው መቅረቱን እንደ ምንም በቻሉት ነበር። በእርጅናቸው ራሱን የመረጠ ሽማግሌ ተብለው መቅረታቸው ግን አንገበገባቸው፤ እንባቸው መጣ።

ቤት ሲገቡ አማችየው ሳሎን መሃል ቆሟል። ፊቱ ገርጥቷል። ወደ እሳቸው ጠጋ ብሎ፣ “ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ያቺ አምፖል የእኔ ናት። ቃል ገብቼ አልነበር?” አላቸው።

ሊቀመንበሩ አቀፉት። ጉንጩን ሳሙት። “ተባረክ! በል አሁኑኑ ውጣ፤ ለሰዉ ንገርልኝ። ጋሼ ራሳቸውን አልመረጡም፣ የመረጥኳቸው እኔ ነኝ በል!”

አማችየው ወደ በሩ ሄደ። ከበሩ አጠገብ ግን መስተዋት አለ። ቆመ፣ ራሱን አየ፤ ኮሌታውን አስተካከለ፤ ትንሽ ጎሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ፊቱን ወደ ሊቀመንበሩ መለሰ።

“ጋሼ፣ ይሄ ነገር በዚህ ደረጃ የሚነገር አይመስለኝም።”

“ምን ማለትህ ነው?”

“የምክር ቤት አባል ነኝ እኮ። አንተም ተረዳኝ እንጂ፤ ሕዝቡ በሙሉ አምኖብኝ፣ እኔ ብቻ በራሴ አላመንኩም ልበል?”