ክብርት ወይዘሪት አንድ-ጥያቄ-ብቻ

መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ፣ ተማሪው ደብተሩን ከድኖ፣ ግማሹ ሰው ከወንበሩ ብድግ ካለ በኋላ እጁን የሚያወጣ ሰው የሌለበት ክፍል በዓለም ላይ የለም። ካለ፣ እዚያ ክፍል ትምህርት ገና አልተጀመረም ማለት ነው።

በኤሌክትሪካል ምህንድስና ሦስተኛ ዓመት ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከመችው ክብርት ወይዘሪት አንድ-ጥያቄ-ብቻ ነበረች። ስሙን ያወጡላት ወንዶቹ ናቸው። እጇን ባወጣች ቁጥር «አንድ ጥያቄ ብቻ» ትላለች፤ አንድ ሆኖ ግን አያውቅም። ጥያቄዋ ይወልዳል፣ ልጆቹም ይወልዳሉ። አንድ ቀን መምህሩን እስከ መኪናው ድረስ ተከትላው ሄደች። መስኮቱን ሊዘጋ ሲል፦

«መምህር፣ ቆይ፣ ኤሌክትሮኑ ግን ወዴት መሄድ እንዳለበት በምን ያውቃል?»

መምህሩ ሞተሩን አጠፋ። አሰበ። «ነገ» አለና አስነስቶ ነዳው።

አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ በእያንዳንዱ ጥያቄ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ትመርጥ ነበር። ከስልሳ ሁለት ተማሪ ሴቶቹ አምስት ናቸው። ልጅቷ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የያዘችው ስሌት ነበራት፦ አንድ ወንድ ሲሳሳት የተሳሳተው እሱ ነው፤ ከአምስቱ አንዷ ስትሳሳት ግን የተሳሳቱት አምስቱም ናቸው። ስለዚህ ሦስት ዓመት ሙሉ ትንፍሽ አላለችም። በቡድን ሥራ «የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል፣ ሪፖርቱን አንቺ ጻፊ» ሲሏት ትጽፋለች። ወይዘሪትን እንደዚያው ሲሏት ግን «የኔ ጽሑፍ ዶሮ የጫረችው ነው፤ ሽቦውን ወዲህ በሉ» ብላ ፒንሳውን ከእጃቸው ነጠቀች።

አንድ ዓርብ ከሰዓት ሁለቱም በአንድ ቡድን ላብራቶሪ ገቡ። የላብራቶሪው ኃላፊ፣ ተማሪው ሁሉ ጋሼ የሚለው ሽማግሌ፣ ከዓመት ዓመት ሲባዛ የደበዘዘ ወረቀት አደለ። ሥራው በስዕሉ መሠረት ሽቦዎቹን አገናኝቶ ሞተር ማስነሳት ነው። የቡድኑ መሪ፣ በራሱ እርግጠኛ ያልሆነበት ቀን የሌለው ልጅ፣ ገጣጥሞ ሲጨርስ የተማሪዎቹ ሰርቪስ አውቶቡስ ሊንቀሳቀስ አሥር ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ያቺ እጅ ወጣች።

«ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። ይቺ ሽቦ ለምንድን ነው ዞራ እዚህ የምትገባው?»

«ስዕሉ ላይ እንደዚያ ነው፣ ልጄ።»

«ስዕሉስ ለምን?»

«ኧረ በፈጠረሽ፣ ሰርቪስ ሊያመልጠን ነው!» አለ ከኋላ አንዱ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። መሪው እጁን ወደ ማብሪያው ሰደደ።

ልጅቷ እጁን በዓይኗ ተከተለች። ስህተቱን ወረቀቱ እንደታደለ አይታዋለች፤ የኤሌክትሪኩ ሁለት መስመሮች በሞተሩ ሳያልፉ በቀጥታ ተገናኝተዋል። ግን ይሄ ሁሉ ሰው ልክ ነው ካለ እሷ ማን ናትና?

«አትንካው! ሾርት ነው!»

የጮኸችው ራሷ መሆኗን ያወቀችው ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያት ነው።

ጋሼ መነጽሩን አጠለቀ። በጣቱ መስመሩን ተከተለ፤ ደገመው። ከዚያ አጠገቡ ያገኘው በርጩማ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ስድስት ዓመት» አለ። «ስድስት ዓመት ሙሉ ፊውዙ በተቃጠለ ቁጥር፣ ሞተሩ አርጅቶ ነው እያልኩ ስሰድበው ኖርኩ።»

ሽቦው ተስተካክሎ ሞተሩ ሲዞር ሰርቪሱ ሄዶ ነበር። ሁለቱ በእግራቸው አዘገሙ።

«መቼ ነው ያየሽው?» አለች ወይዘሪት።

«ወረቀቱን ሲሰጡን።»

«ወይ አንቺ! እኔ ግራ ገብቶኝ ስለፈልፍ አንቺ አውቀሽው ቁጭ ብለሻል?»

«ብሳሳትስ ብዬ ነዋ።»

«ብትሳሳቺስ? እኔ በቀን አራቴ እሳሳታለሁ፤ ይኸው አለሁ።» እርምጃዋን ቀነስ አደረገች። «ጎበዝ ሆኜ የምጠይቅ ይመስልሻል እንዴ? ክፍል ውስጥ ካልገባኝ ቤት ብቻዬን ሳነበው አለቅሳለሁ እኮ።»

ልጅቷ ሦስት ዓመት ሙሉ «ለታይታ ነው» ብላ ስታማት ኖራለች። የወይዘሪትን ክንድ ያዘች።

የማጠቃለያ ፕሮጀክት አጋር ምረጡ ሲባል፣ ልጅቷ ሰላሟን እንደምታጣ እያወቀች ወይዘሪትን መረጠች።

እሁድ ዕለት ለፕሮጀክቱ ሥራ ወይዘሪት ልጅቷ ቤት መጣች። ገና ሳትቀመጥ የልጅቷን እናት ማቀዝቀዣው ለምን እንደሚያጉረመርም፣ ከተገዛ ስንት ዓመቱ እንደሆነ፣ በሩ ለምን በገመድ እንደታሰረ ጠየቀቻቸው። እናትየው ሁሉንም በደስታ አስረዱ። በቤታቸው ይህን ያህል የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

እንግዳዋ ከሄደች በኋላ እናትየው አንዱን ብርጭቆ ደጋግመው ሲያጥቡ ቆዩ።

«ልጄ» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ፤ «ለጎረቤቱ ሁሉ ልጄ ኤሌክትሪክ ትማራለች እላለሁ። ለመሆኑ ኤሌክትሪክ ማለት ምንድን ነው? ልጠይቅሽ እያልኩ ሦስት ዓመት አፍሬ ነው የቆየሁት።»

ልጅቷ እናቷን ትክ ብላ አየቻቸው። ከዚያ ብርጭቆውን ከእጃቸው ተቀብላ ወንበር ሳበችላቸው፤ ወረቀትና እርሳስም አመጣች። ገና የመጀመሪያውን መስመር አስምራ ሳትጨርስ እናትየው እርጥብ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ። «ይሄስ ወዴት ነው የሚሄደው?»