ሽንት የተከለከለው ሞተር ብስክሌት

ሞተር ብስክሌት ያለው ሰው ሁሉ ውሸታም ነው! አትቆጡ… እኔም አለኝ። «ስንት ጊዜ ረግጠህ ነው የምታስነሳው?» ብላችሁ ጠይቁት። «አንዴ!» ይላችኋል። ሱሪውን ከፍ አድርጋችሁ የበለዘ ቅልጥሙን ብታዩ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

የእኔው ከአንድ መንገድ ቀያሽ ፈረንጅ የገዛሁት አሮጌ ነው። በአገራቸው ከቋጥኝ ቋጥኝ እየዘለሉ የሚወዳደሩበት ነው አሉ። ዳንግላ ላይ ሲነሳልኝ ተማሪዎቼ ክፍል ጥለው ለማየት ይወጣሉ። እምቢ ሲለኝም ይወጣሉ… ለመሳቅ!

እንግዲህ ውድነሽን ለማግባት ሽማግሌ ልኬ ነበር። አባቷ ባላምባራስ አድማሱ ከግምጃ ቤት ከተማ ወዲያ የሚኖሩ፣ ከሰው ይልቅ ፈረስ የሚያደንቁ አዛውንት ናቸው። ሦስት ጊዜ የተመላለሱትን ሽማግሌዎች «ልጁ ራሱ ይምጣ። ጋልቦ ሲመጣና ጋልቦ ሲመለስ አይቼ እፈርዳለሁ» ብለው ሰደዷቸው። እኔ ደግሞ ፈረስ ላይ ከወጣሁ የምወርደው በራሴ ፈቃድ አይደለም! ስለዚህ በሞተሬ ሄድኩ።

አመጣጤስ አምሮ ነበር። የቀርቀሃውን አጥር ዞሬ ደጃቸው ላይ ቀጥ ስል ባላምባራስ ከነጎረቤታቸው ወጡ።

«ምን ይበላል?» አሉ ሞተሩን እየዞሩ።

«አይበላም ጌታዬ፤ ይጠጣል እንጂ» አልኩ እየተንጠባረርኩ።

«በየት በኩል?»

ቤንዚን የሚጠራቀምበትን ሰልባቲዮ ክዳኑን ከፍቼ አሳየኋቸው። ምን እንደሚጠጣ ግን አልነገርኳቸውም… ጉዴ የመጣው ከዚያ ነው።

ገብተን በላን፣ ጠጣን፣ ተጫወትን። ባላምባራስ በመሃል አንዴ ወጣ ብለው ተመለሱ። ጨዋታው ሞቆ ስለነበር ጉዳዬ ያለቀ መስሎኝ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። «በል እንግዲህ፣ አመላለስህን እንየው» ብለው ወደ ደጅ አወጡኝ። ውድነሽ በሩን ገርበብ አድርጋ ታየኛለች።

ረገጥኩ። ዝም! ደገምኩ። «እህህ» ብሎ ተኛ። በሦስተኛው ማስነሻው ተፈናጥሮ ቅልጥሜን ቢለኝ በአንድ እግሬ ግቢውን ዞርኩት።

«እኛ ዘንድ የሚራገጠው ፈረሱ ነበር» አለ አንዱ ጎረቤት።

እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈትቼ አየሁት፤ ርሷል። በሸሚዜ ጫፍ አድርቄ መለስኩትና እንደገና ረገጥኩ። ስንት ጊዜ? ተዉት፣ አልቆጠርኩም! ሰዎቹ በአገውኛ ሲመካከሩ ቆዩና የአካባቢው ፈረስ አካሚ አያ ፈንቴ ቀረብ አሉ። ጆሯቸውን ሰልባቲዮው ላይ ለጠፉ፣ በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሽንት ተከልክሎ ነው። ሆዱ ተነፍቷል።»

«መድኃኒቱስ?» አሉ ባላምባራስ።

«ሆዱን ማሸት ነዋ!»

ሁለት ጎረምሶች ሰልባቲዮውን ግራና ቀኝ ይዘው ያሹት ጀመር። የባላምባራስ ፊት ግን ጠቁሯል። «የከብቱን ሕመም የማያውቅ ሰው የልጄን ሕመም እንዴት ሊያውቅልኝ ነው?» አሉ፣ እኔም እንድሰማ አድርገው። ወሽመጤ ብጥስ አለ።

በተስፋ መቁረጥ ቤንዚኑን ከሰልባቲዮው ወደ ሞተሩ ካርቡራተር የሚያወርደውን የጎማ ቱቦ ነቀል ባደርገው ቡናማ ነገር ጠብ ጠብ አለ። አሸተትኩት። በምላሴ ነካሁት… ጠላ! ያውም ጉሽ! ቱቦውን በጣቴ ደፍኜ ቀና ስል ባላምባራስ ቆመውብኛል።

«ምን ጎድሎበት ነው? በእጄ ሁለት ዋንጫ ጠላ አጠጥቼዋለሁ! የእኔ ቤት እንግዳ ተቀብሎ ከብቱን ጦሙን አያውልም።»

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? «ያበላሹት እርስዎ ነዎት» ብል ልጅቷ ቀረች። ጠላቸውን ዓይናቸው እያየ መሬት ላይ ባፈሰውም ቀረች። እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ ድንገት ጮህኩ።

«ዞር በሉ! ሊራገጥ ነው!»

የፈረስ አገር ሰው ይህን ሲሰማ ማብራሪያ አይጠይቅም! ሁሉም እስከ አጥሩ ሮጠ። እኔም ጀርባዬን ሰጥቻቸው ቁጢጥ አልኩና ጠላውን እስኪያልቅ ለቀቅኩት። ከሥር ተኝቶ ኖሮ ቀድሞ ወጣ፤ ንጹሑ ቤንዚን ሲመጣ ቱቦውን መልሼ ሰካሁ። ቀድመው የደረሱት አያ ፈንቴ ናቸው። ኩሬውን አዩ።

«ሸና እንዴ?»

ዓይኔን በጨው ታጥቤ «ሸና!» አልኩ።

«አረፋውን እዩልኝ! የጤነኛ ሽንት ነው። አላልኳችሁም?»

ከቤት ውስጥ እልልታው ቀለጠ። ካርቡራተሩንና ካንዴላውን ጠራርጌ ረገጥኩ፤ በሦስተኛው ተነሣ። ጭሱ ሰርግ ቤት ሰርግ ቤት ይሸታል። ባላምባራስ ትከሻዬን ያዙኝ።

«ያን ሁሉ ስትረግጥ አንድ ክፉ ቃል ካፍህ አልወጣም። ከአንተ በፊት የመጣው ልጅ በቅሎው ብትቆምበት በእኛ ፊት እናቷን ሰደበ። ልጄን ሰጥቼሃለሁ።»

እንባዬ መጣ። ጭሱ ነው እንዳትሉ፣ ደስታ ነው።

«ግን አንድ ነገር አጥፍቻለሁ» አሉ ባላምባራስ አንገታቸውን ደፍተው።

ገባቸው ብዬ ደነገጥኩ። «ኧረ ምን አጠፉ ጌታዬ!»

«ሁለት ዋንጫ አንሶታል። ለሰርጉ ለእሱ ብቻ አንድ ጋን ይጠመቅለታል!»

ሰርጉ የፊታችን እሑድ ነው። ጋኑ ተጠምቋል። ረጋ ያለች በቅሎ የምታውሱኝ አላችሁ?