ገጽ አርባ ዘጠኝ

ሰው የሞተበት ቤት አራት ዓይነት እንግዳ አያጣም። አንዱ የሚበላ ይዞ ይመጣል፤ ሁለተኛው ያንን ሊበላ ይመጣል፤ ሦስተኛው ከሟች እናት አብልጦ ያለቅስና ሲወጣ ሟቹ ማን እንደነበር ይጠይቃል። እነዚህን ሦስቱን ሰው ለምዷቸዋል። አራተኛው ግን መጽሐፍ ይዞ ይመጣል፤ ከእሱ እጅ ያመለጠ ሐዘንተኛ የለም።

ምድሩ ሱቅ፣ ከላይ አራቱ ፎቅ መኖሪያ በሆነው በዚያ አሮጌ ሕንፃ ይህንን ከባድ ኃላፊነት ተሸክመው የኖሩት ክብርት ወይዘሮ ገጽ አርባ ዘጠኝ ናቸው። ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናቸው። እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም እንዳላቸው ይጠረጠራል፤ የሚያስታውሰው ግን የለም። ይሄኛውን ያወጣላቸው ምድር ላይ ሱቅ ያለው ልብስ ሰፊ ነው። የዚህ ሰውዬ እጁ ጨርቅ ላይ ይዋል እንጂ አፉ የሚውለው ሰው ላይ ነው።

ክብርትነታቸው ሐዘን ቤት ሲገቡ አያለቅሱም፤ ወሬም አያወሩም። በቀጥታ ሐዘንተኛው አጠገብ ይቀመጣሉ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ ያደርጋሉ፣ ለቅሶው ጋብ እስኪል ይጠብቃሉ። ጋብ ሲል በላስቲክ የተጠቀለለ ቀጭን መጽሐፍ ያወጣሉ። «ሐዘን ቤትህ ሲገባ» ይላል ሽፋኑ። ቀጥሎ ዘንድሮም አምናም ያልተለወጠው ንግግር ይመጣል፦ «አልቅስ አልልህም፣ አታልቅስም አልልህም። አንብብ። ገጽ አርባ ዘጠኝ እንዳያመልጥህ። ሁለት ሳምንት ነው።»

ውሰቱ ሕግ አለው። ምግብ አጠገብ አይነበብም፣ ገጹ አይታጠፍም፣ ለሦስተኛ ወገን አይተላለፍም። ላዩ ላይ ማልቀስም ክልክል ነው፤ እንባ ወረቀት ያበላሻል። ለሐዘንተኛ የተጻፈ መጽሐፍ ላይ ማልቀስ የማይቻል ከሆነ የት ይለቀስ ብሎ የጠየቀ አንድ ወጣት ነበር፤ ወይዘሮዋ «ጎን ላይ» ብለውት መሐረብ ሰጥተውታል። የመጨረሻው ሽፋን ውስጥ ደግሞ ካርድ ተለጥፏል። አንብቦ የመለሰ ሁሉ ቀኑንና አስተያየቱን በእጁ ይጽፋል። ሲመልሱላቸው መጽሐፉን ይዘው ጠርዙን በአውራ ጣታቸው አንድ ጊዜ ዳሰስ ያደርጉና ምንም ሳይሉ ቦርሳቸው ውስጥ ይከታሉ።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ሰውየው በሕይወት ዘመኑ ድስት የሚወረውር ሰው ስለነበረ፣ በሞተ በሳምንቱ ሴትየዋ ቀለም ገዝታ ሳሎኑን ቢጫ እየቀባች ነበር፤ እያንጎራጎረች። ክብርትነታቸው መሰላሉ ሥር ቆመው፣ «ሐዘንሽን አፍነሽ አትያዢው፣ ልጄ» አሏት። ብትምል ብትገዘት አላመኗትም። መጽሐፉን ወስዳ ከሁለት ሳምንት በኋላ ላዩ ላይ ቢጫ ነጥብ ሳታሳርፍ መመለሷ ራሱ ተአምር ነው።

እግሩ የተሰበረው ሾፌርም አለ። ወሬው ሲደርሳቸው «ተጎድቷል» የሚለውን ብቻ ነው የያዙት። ሆስፒታል ድረስ ሄደው መጽሐፉን ለሚስቱ ሲሰጡ፣ ሰውየው እግሩ በጀሶ ተንጠልጥሎ ሽፋኑን አነበበው። እኔ እኮ ገና ነኝ ቢላቸው፣ «ይቆይልሃል፤ መጽሐፍ አይበላሽም» ብለው አጽናኑት። ከሁሉ የባሰው ግን በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ሰው የሞተ ጊዜ ነው። የአንዲት የፋርማሲ ባለሙያ ጎረቤት በር አንኳኩተው፣ እናቷ ከተቀበረች አሥረኛ ቀኗ መሆኑን እያወቁ፣ አራተኛ ፎቅ ሌላ ሰው ስለሞተ ቶሎ እንድትጨርስ አሳሰቧት። ሕንፃው ውስጥ ሐዘንም በተራ ሆነ ማለት ነው።

ልብስ ሰፊው ይህንን ሁሉ ሱቁ ውስጥ በትወና ያቀርባል። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንደ መነጽር ገመድ ያንጠለጥልና፣ የጨርቅ ጥቅል ታቅፎ፣ ለመለካት የመጣ ደንበኛ ጎን ይቀመጣል። «ሱሪህ አጥሯል፤ አልቅስ አልልህም፣ አታልቅስም አልልህም» ሲል ደንበኛው ልኬቱን ይረሳል። ሚስቱ በሁለተኛው የስፌት መኪና ላይ ተቀምጣ ገበርና ቁልፍ ትሠራለች። «ተው፣ ነግ በእኔ ነው» ትለዋለች። ይህን እያለችም ትስቃለች፤ ሳቋን ለመደበቅ ክር በጥርሷ ትበጥሳለች።

ሚስቱ በአሥራ አንድ ቀን ሕመም ሞተች። ኩላሊት ነው ተባለ። እሱ ጨርቅ መርጦ፣ ቀጠሮ ሰጥቶ፣ ሐኪም ቤት ደርሶ ሲመለስ አለቀ። መኪናዋ ላይ፣ መርፌው ሥር፣ የአንድ ደንበኛ ሰማያዊ ኮት እጅጌ ገበሩ ግማሽ ድረስ ተሰፍቶ ቀረ።

ክብርትነታቸው በሦስተኛው ቀን መጡ። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ ልብስ ሰፊው መለሰ፤ ትወናውን ያላየ የለምና። ሴትየዋ ግን እንደ ሁልጊዜው ተቀመጡ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ፣ ጠበቁ። ንግግሩን ሲጀምሩ የልብስ ሰፊው ከንፈር አብሯቸው ተንቀሳቀሰ፤ አንድ ቃል አልሳተም። ማንም አልሳቀም። እሱ ራሱ ማድረጉን ያወቀው «ሁለት ሳምንት ነው» የምትለዋን ሲጨርስ ነው።

መጽሐፉን መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ሱቁን እየከፈተ ይገባል፣ መብራት ያበራል፣ ሰማያዊውን እጅጌ እያየ ይቀመጣል። ደንበኛ ሲመጣ ነገ ይላል። ያ አፍ አንድ ቀልድ አልወጣውም። የኮቱ ባለቤት ሦስት ጊዜ ተመላልሶ በአራተኛው ተወው። የሚስቱ እህት ተነስ ሥራህን ሥራ አለችው፤ ወንድሙ ተው እረፍ አለው፤ የፎቁ ሰው እንደየአቅሙ ጉዞ፣ እንቅልፍና ጋብቻ መከረው። ሁሉም ያሉትን ሰማ፤ ከየቱ እንደሚጀመር ግን አላወቀም። ጠዋት ከአልጋ ሲወርድ መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ የማያውቅ ሰው ሆነ።

መጽሐፉ በተሰጠው በአሥራ ሦስተኛው ቀን አነሳው። ሊጽናና አይደለም። ነገ ክብርትነታቸው መምጣታቸው ነው፣ ካርዱ ላይ የሚጽፈው ጨዋ ውሸት ያስፈልገዋል። መጀመሪያ ካርዱን አየ። ሠላሳ አንድ ሰው ጽፏል። የፋርማሲዋ ባለሙያ «እስከ መጨረሻው በአንድ ትንፋሽ» ብላለች። ሾፌሩ «በተለይ መደምደሚያው ልብ ይነካል» ብሏል። ባለቢጫ ሳሎኗ ሴት ደግሞ «ሁለቴ ደገምኩት» ብላለች። ልብስ ሰፊው የሁሉም ወገብ ስንት እንደሆነ ያውቃል፤ አንባቢ መሆናቸውን ግን አያውቅም ነበር።

ከዚያ ገጽ አርባ ዘጠኝን ገለጠ። በስተቀኝ ያለ ገጽ ነው። ስለ እንቅልፍ ማጣት ያወራል፣ ስለ ሰው ምክር መብዛት ያወራል። ከታች የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ «እንግዲህ ሐዘንተኛ፣ ሰው ሁሉ የሚለውን ሰምቶ ሲያበቃ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ማድረግ ያለበት አንድ ነገር ቢኖር፣»

እዚያ ላይ ገጹ አለቀ። ልብስ ሰፊው ቀና አለ። ወገቡን ሊያቃና ተነስቶ ተመልሶ ተቀመጠ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲፈልገው የነበረው ይህን ነው፤ ከሁሉ አስቀድሞ ምን? ገጹን ሊገልጥ ጣቱን ሰደደ። አልተገለጠም። ወደ መብራት አስጠግቶ ሲያየው፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ቅጠሎች ከላይም ከጎንም እንደታጠፉ ናቸው። ወረቀቱ ሲታጠፍ ወደ ውስጥ አጥሮ የማተሚያ ቤቱ መቁረጫ ስቶታል። ከገጽ ሃምሳ እስከ ስልሳ ሦስት፣ መጽሐፉ ከታተመ ጀምሮ ዓይን ያላረፈበት ወረቀት ነው።

ሠላሳ አንድ ሰው! በአንድ ትንፋሽ ያነበበችው፣ ሁለቴ የደገመችው፣ ሁሉም ገጽ አርባ ዘጠኝን እንኳ ገልጠው ቢሆን ይህን ያውቁ ነበር። ልብስ ሰፊው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ሳቁ ብዙ አልቆየም፤ ዞር ብሎ የሚነግራት ስላጣ መሃል ላይ ተቋረጠ። ከዚያም ወደ ሁለተኛው መኪና ሄደ፣ የእሷን ትንሿን የክር መቀስ አነሳ፣ ዕድሜ ልኩን ጨርቅ በቆረጠበት እጅ እጥፉን ቀጥ አድርጎ ቆረጠው።

ካነበበ በኋላ የራሱን ኮት ደርቦ፣ መጽሐፉን ይዞ ሁለተኛ ፎቅ ወጣ።

የክብርትነታቸው ቤት መጽሐፍ የታጨቀበት ነው ብሎ ነበር የሚያስበው፤ ሕንፃውም እንደዚያ ነው የሚያምነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ በደንብ የተወለወለ መደርደሪያ አለ። መደርደሪያው ባዶ ነው። ሕንፃውን ሁሉ ሲያጽናና የኖረው ቤተ መጻሕፍት አንድ መጽሐፍ ብቻ ኖሯል።

«ገና አንድ ቀን አለህ» አሉት። መጽሐፉን ተቀበሉ፣ እንደ ልማዳቸው ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ጣታቸው መሃል ላይ ቆመ።

«ቆረጥከው» አሉ።

«ቆረጥኩት እትዬ። ጥፋት ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ወይዘሮዋ ቁጭ አሉ። ባለቤታቸው ማተሚያ ቤት ወረቀት አጣፊ እንደነበሩ ነገሩት፤ ሠላሳ ዓመት በእጃቸው ሲያጥፉ ኖረው በመጨረሻ ዓይናቸው ደክሞ እጥፉ መጣመም ጀመረ። አለቃቸው ይህንን መጽሐፍ ብልሽት ነው ብሎ ሲጥለው፣ ሰውየው ኪሳቸው ከተው አመጡት። በዚያው ወር ሞቱ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ያጠፉት የመጨረሻው ወረቀት ይህ ነው። ወይዘሮዋ ቢላዋ እያነሱ ስንት ጊዜ አስቀምጠዋል።

ልብስ ሰፊው የሚገባበት ጠፋው። በምድር ላይ ስንት ወረቀት እያለ የቆረጠው የሟች ባላቸው እጅ ያረፈበትን ነው። እንግዲያስ ለምን ያውሱታል ብሎ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት እሳቸው ቀደሙት።

«እኔ መቁረጥ አልቻልኩም። ግን ማወቅ እፈልግ ነበር። የባሰበት ሰው ይቆርጠዋል፣ ምን እንደሚል ይነግረኛል ብዬ ነው ይዤው የምዞረው። ሠላሳ አንድ ሰው ጨርሼዋለሁ ብሎ መልሶልኛል።»

«እንዳልጨረሱት እያወቁ ዝም አሉ?»

«ሐዘንተኛን ውሸታም ይሉታል እንዴ?»

ይህን የተናገሩት ቁርጥ አድርገው ነው። ስንቱን ሰው በትወና ሲያስቅባቸው የኖረው ልብስ ሰፊ ሁለተኛውን ወንበር ስቦ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ። ሴትየዋ ሞኝ መስለው ሕንፃውን ሁሉ አንድ በአንድ ሲታዘቡት፣ ሲታዘቡትም ይቅር ሲሉት ኖረዋል።

«በል አንብብልኝ» አሉና መጽሐፉን መለሱለት።

ገጽ አርባ ዘጠኝን ከታች ጀምሮ ወደ ገጽ ሃምሳ ገለጠ። «ከሁሉ አስቀድሞ ማድረግ ያለበት አንድ ነገር ቢኖር፣ ይህን መጽሐፍ ዘግቶ ወደ ሰው መሄድ ነው። ወዴት እንደሚሄድ ካላወቀም፣ መጽሐፉን ከሰጠው ሰው ይጀምር።»

ክብርትነታቸው መነጽራቸውን አወለቁ። «ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው እትዬ።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት!» አሉና ሳቁ፤ ሳቃቸው ወደ ለቅሶ ሄዶ ተመለሰ። እንባቸው ቀጥታ ገጽ ሃምሳ ላይ ወረደ። ልብስ ሰፊው ሕጉን ሊያስታውሳቸው አሰበና፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ምላሱ ላይ የደረሰውን ዋጠው።

ብዕር ሰጡት። ካርዱ ላይ ሠላሳ ሁለተኛው መስመር ላይ «እስከ ገጽ ሃምሳ ደርሻለሁ። ቀሪው አልሆነልኝም» ብሎ ጻፈ። ወይዘሮዋ ካርዱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ሲያዩት ቆዩ።

«ከዚህ ሁሉ ሰው እውነቱን የጻፈ አንተ ብቻ ነህ» አሉት። «ሁለት ሳምንት ጨምሬልሃለሁ።»

ሰማያዊው ኮት በሳምንቱ አለቀ። ሱቁም ተከፍቷል፤ አፉም ከነክፋቱ ተመልሷል፣ ትወናውም እንደዚያው አለ። የተለወጠ ነገር ቢኖር ሌላ ሰው ክብርትነታቸውን ሲያስመስል ማየት አለመውደዱ ነው፤ ሾፌሩ አንድ ቀን ቢሞክር ሱሪው ሳይሰፋ ተመልሶለታል። ከዚያ ወዲህ ሕንፃው ውስጥ ሁለት ሰው ሞቷል፣ ሐዘንተኞቹ ግን መጽሐፉን አላገኙም፤ ወይዘሮዋ ባዶ እጃቸውን መጥተው አጠገባቸው ተቀምጠዋል። መጽሐፉ ውሰት ላይ ነው። በየሁለት ሳምንቱ፣ ከሰዓት፣ ልብስ ሰፊው ሱቁን ዘግቶ ቀን ሊያስጨምር ሁለተኛ ፎቅ ይወጣል፤ ሲወርድ መሽቷል።

መጽሐፉ ሰማንያ ገጽ ብቻ ነው። ልብስ ሰፊው ግን ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው።