ለዓሣ የታዘዘ የምንጭ ውሃ

ሐዘን ቤት ገብቶ ሐኪም የማይሆን ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አላጋጠመኝም። አምቦ ላይ ደግሞ የሁሉም መድኃኒት አንድ ነው፤ ከመሬት እየፈላ የሚወጣው የምንጫችን ውሃ።

ባለቤቴ ሲሞት የዓሣ ገንዳ ትቶልኝ ሄደ። እሑድ እሑድ ከገንዳው በብልቃጥ ቀድቶ የውሃውን አሲድነት የሚለይ የመለኪያ ጠብታ ይጨምርበት ነበር፤ ሰማያዊ ሲሆን “ተስማምቷቸዋል” ይለኝ ነበር። ዓሦቹም ገንዳው ፊት ያለው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ዞረው ያዩት ነበር። ከሞተ በኋላም ወደ ወንበሩ መዞራቸውን አልተዉም።

ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ ሊያጽናኑኝ መጥተው ይህን አዩ።

“አዬ ልጄ፣ አዝነዋል እኮ! ማዕድን ያለው ውሃ ይወዳሉ አላልሽም?”

“መውደዱንስ ይወዳሉ፤ ጋዙ ግን...”

“የእኔን ጨጓራ ያዳነ ውሃ ዓሣ ይገድላል?” ብለው ከምንጩ ያመጡትን አንድ ጀሪካን ገንዳው ውስጥ ገለበጡት።

ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር። በብልቃጥ ቀድቼ ጠብታውን ብጨምርበት ቢጫ ሆነ። የቀረችኝ የእሱ ነገር ልታልቅብኝ ነው ብዬ፣ እሱ እንዳስተማረኝ አሳድሬ ባስቀመጥኩት ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ስለውጥ ዋልኩ። ኦቦ ገመቹ ወንበሩ ላይ ሆነው ይጸልያሉ።

አመሻሽ ላይ ጠብታው ሰማያዊ ሆነ፤ ሁሉም ተረፉ።

“አላልኩሽም?” ብለው ቀና ሲሉ ዓሦቹ ወደ ወንበሩ ዞረዋል። የሚያዩት ግን እሳቸውን አልነበረም፤ ከኦቦ ገመቹ ራስ ትንሽ ከፍ ብሎ ያለውን ቦታ ነበር። ባለቤቴ ረጅም ሰው ነበር።

ኦቦ ገመቹ ቀስ ብለው ተነሥተው ወንበሩን ይቅርታ ጠየቁ።