ሃያ አንድ ማርሽና አንድ ቁልቁለት

«በቅሎ በዳገት ትመሰገናለች፤ በቁልቁለት ትታወቃለች» ይል ነበር አባቴ። በቅሎ ሲነግድ ኖሮ በቅሎ ሲነግድ የሞተ ሰው ነው፤ ይህችን ቃሉን ገዢ ቢኖርም ባይኖርም በቀን ሁለት ሦስቴ ሳይላት አይውልም ነበር። የአባት ነገር መቼም ታውቁታላችሁ። በሕይወት ሳለ ትሰለቹታላችሁ፤ ካለፈ በኋላ ቃሉን ለሰው እየነገራችሁ ትከበሩበታላችሁ። ራስ በቃሉ መሥራቱ ላይ ግን እንጃ።

እኔ የሰፈራችን ቅሬ ጠሪ ነኝ። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ እኛ ሐይቅ ከተማ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቃበራል። ሰው ሲሞት ጥሪው የእኔ ነው። ሟች አምባሰል ውስጥ ዘመድ ካለውም ሄጄ የማረዳው እኔው ነኝ። ስልክ የለም ወይ እንዳትሉኝ። መርዶ በስልክ መንገር ነውር ነው። የእስላም ሬሳ ደግሞ አያድርም። ባለፈው ክረምት በእግሬ አዝግሜ ስደርስ አንድ ሰው የእናቱ ቀብር አመለጠው። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሱጁድ በወረድኩ ቁጥር ዱዓዬ አንድ ሆነ፤ «ያ አላህ፣ ሁለተኛ አታስረፍደኝ።»

ቅሬው ብስክሌት ሊገዛልኝ ወሰነ። የቅሬው ዳኛ ጋሽ አያሌው፣ ሁለት ሽማግሌዎችና እኔ በገበያ ቀን ሱቅ ሄድን። ለአንድ ብስክሌት አራት ሰው ምን ያደርጋል ብትሉ፣ በቅሎም ሲገዛ እንዲሁ ነው፤ አንዱ ያደንቃል፣ አንዱ ያጣጥላል፣ አንዱ ዋጋ ያስቀንሳል፣ አንዱ ይመርቃል።

ባለሱቁ እንድሪስ ሃይብሪድ የሚባሉ ሁለት ብስክሌቶች አወጣ። «የአስፋልቱና የተራራው ብስክሌት ተዳቅለው የተወለዱ ናቸው» አለን።

«በቅሎ ናቸው በለና!» አሉ ጋሽ አያሌው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ገባን። የገባን መሰለን።

ዋጋቸው እኩል ነው። ቀዩ ከፊት ንዝረት የሚያበርድ ሾክ አለው፣ የዲስክ ፍሬን አለው፣ ኮርቻው ፍራሽ ነው፣ ማርሹ ሃያ አንድ። ጥቁሩ ሾክ የለው፣ ዲስክ የለው፤ ቸርኬውን በሸራ ቆንጥጦ የሚይዝ የድሮ ፍሬንና ሰባት ማርሽ ብቻ። እንድሪስ እውነተኛ ሰው ነው። የጥቁሩን ጎማ ከመሬት አንስቶ በጣቱ አሽከረከረው፤ ድምፅ ሳያሰማ ብዙ ዞረ። የቀዩ ጥቂት ዞረና ቂርር ብሎ ቆመ።

«ጋሼ፣ ዋጋቸው አንድ ነው። የሾኩና የዲስኩ ወጪ ከየት የመጣ ይመስልዎታል? ጎማውን ከሚያዞረው ኩሽኔታና ከካቴናው ተቀንሶ ነው። ዲስኩም ቢሆን ስሙ ነው እንጂ . . .»

«አንተ እንድሪስ፣ ሃያ አንድ ከሰባት ይበልጣል አይበልጥም?» አሉ ጋሽ አያሌው።

«መብለጡንስ ይበልጣል።»

«በቃ!»

እኔም ዝም ማለት ስላቃተኝ የአባቴን ቃል ጣል አደረግሁ። ሁሉም «እውነት ነው፣ እውነት ነው» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያም ቀዩን ይዘን ወደ ዳገቱ ሄድን። ቁልቁለቱ በገበያተኛ ተጨናንቆ ነበራ! ጋሽ አያሌው ከታች ሆነው «አብሽር፣ ውጣው!» ሲሉኝ ሽቅብ ወጣሁት። ተመሰገነ፣ ተመረቀ፣ ተገዛ።

ከሃያ አንዱ ማርሽ እስከ ዛሬ የማውቀው ሁለቱን ነው። አሥራ ዘጠኙ እንደ ሩቅ ዘመድ ናቸው፤ መኖራቸውን ሰምቻለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ጎረቤታችን ዘይነባ ሞተች። ቀብሯ ከቀትር በኋላ ከሚሰገደው ከአስር ሶላት በኋላ ተባለ። ወንድሟ ይመር የሚኖረው አምባሰል፣ ከተራራው ማዶ ነው። ቢስሚላህ ብዬ ተነሣሁ። ዳገቱን እንደ ንጉሥ ወጣሁት። ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ።

ፍሬኑን ያዝኩት። ጮኸ። ከእኔም በላይ ጮኸ፤ መያዝ ግን አልያዘም። የማውቃቸውን ሁለት ማርሾችም፣ የማላውቃቸውንም አንድ በአንድ ለመንኩ። ሸሃዳዬን እያልኩ፣ ጫማዬን መሬት ለመሬት እየጎተትኩ ስወርድ የአባቴ ቃል ትዝ አለኝ። ትዝ ለማለት ደግሞ ጊዜ መምረጡ! የቁልቋል አጥር ውስጥ ገብቼ ቆምኩ።

ሁለት ጆንያ የጫነች አህያ የሚነዳ የማላውቀው ሰው ጎትቶ አወጣኝ። ምን እንደሚያስሮጠኝ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ይመርን ያውቀው ኖሯል። አህያዋን ለእኔ ትቶ በአቋራጩ ቁልቁል ሮጠ። መርዶውን ወጉን ጠብቆ ነግሮት፣ ይመር በጭነት መኪና ተሳፍሮ ከአስር ሶላት በፊት ሐይቅ ገባ፤ እህቱን በእጁ አፈር አለበሰ። አልሃምዱሊላህ። ጠሪው እኔ ግን አህያ እየጠበቅሁ እሾህ ስነቅል ዋልኩ።

ጋሽ አያሌው አሁንም ሃያ አንድ ከሰባት ይበልጣል ይላሉ። እኔ ከዳኛ ጋር አልከራከርም። ቁልቁለት ስደርስ ወርጄ ብስክሌቱን ይዤው እሄዳለሁ እንጂ።

ያን ሰው አህያዋን ካስረከብኩት ወዲህ አላየሁትም። ስሙንም አልጠየቅሁት። ወደ አቋራጩ ከመሮጡ በፊት ግን አቧራዬን እያራገፈ እንዲህ ብሎኝ ነበር፦

«ወንድም ዓለም፣ ለሞተ ሰው ስትሮጥ ለራስህ ቅሬ እንዳታስጠራ።»