አማቴ በዱባይ ሕግ ፊት

ለሽርሽር ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የአገሩን ሕግ ሳያነብ ሄዶ ራሱ ይቀጣል። ሁለተኛው አንድም ሳያስቀር አንብቦ ይሄድና አብሮት የሄደውን ሰው ይቀጣል። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ጉራ ቢሆን ኖሮ መጨረሻውን አልነግራችሁም ነበር።

የባለቤቴ ታናሽ እህት ሠናይት ዱባይ ሆቴል ውስጥ መሥራት ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። እዚያው የአገሯን ልጅ አገባች። አገባች ስል ሽማግሌ ሳይላክ፣ እናቷ ሳይመርቋት፣ በስልክ «እማዬ፣ አግብቻለሁ» ብላ ነው። እናቷ፣ ማለትም አማቴ እማማ ብርቄ፣ ያን ዕለት ስልኩን ዘግተው ጓዳ እንደገቡ እስኪመሽ አልወጡም። ኩርፊያው እያደር ረገበ፤ ስለዚያ ሠርግ ግን ከዚያ ወዲህ በቤታችን የሚያነሳ ሰው የለም።

እንግዲህ ሠናይት ከስንት ዓመት ጥበቃ በኋላ አረገዘች። ሰባተኛ ወሯ ሲገባ እናቷና እህቷ ለአንድ ሳምንት መጥተው እንዲያዩአት ትኬት ልቁረጥ አለች። ባለቤቴ ከመሥሪያ ቤቷ ፈቃድ ተከለከለች። ዕጣው ለእኔ ወጣ። ባለቤቴ ስትሸኘኝ እናቷን አደራ ያለችኝ አምስት ጊዜ ነው፤ እኔን ለእናቷ አደራ ስትል ግን አንዴም አልሰማሁም።

ስለ እማማ ብርቄ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ከቀራንዮ መድኃኔዓለም እስከ ታክሲ ፌርማታው ድረስ እሳቸውን የማያውቅ የለም፤ የሚታወቁትም በምርቃታቸው ነው። ፈተና የሚቀመጥ ተማሪ፣ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ የሚሄድ ጎረምሳ፣ ሱቅ የሚከፍት ነጋዴ፣ ሁሉም እሳቸው ፊት ጎንበስ ሳይል አይሄድም። እንዲያውም አንዴ አንድ የታክሲ ረዳት መኪናውን አስቁሞ ወርዶ ሲመረቅ አይቻለሁ፤ ተሳፋሪው ቢጮህበት «ለእናንተም ይተርፋችኋል!» አላቸው። ምርቃቱ ደግሞ ደረቅ አይደለም። መዳፋቸውን ዘርግተው ይጀምራሉ፣ ያዘንባሉ፣ መጨረሻ ላይ እንትፍ እንትፍ ይሉበታል። እንትፍ ያልተባለበት ምርቃት እሳቸው ዘንድ ማኅተም እንደሌለው ደብዳቤ ነው፤ የትም አያደርስም።

ወደ እኔ ልመለስ። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ ለጎብኚዎች የተጻፈ የዱባይን ሕግ አራት ገጽ አሳተምኩ። አስምሬበት፣ ቁጥር ሰጥቼው፣ ሦስት ምሽት ሙሉ ለእማማ አነበብኩላቸው። ከዜብራ ውጭ መሻገር ያስቀጣል። ባቡር ውስጥ መብላትና ማስቲካ ማኘክ ያስቀጣል። ሰውን ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሳት ያስቀጣል። እሳቸው ምስራቸውን እየለቀሙ «እሺ»፣ «ደግ»፣ «ይሁን» ይሉኛል። መንገድ ላይ መትፋት ያስቀጣል ስል ግን እጃቸው ቆመ።

«ለምርቃትም ቢሆን?» አሉኝ።

እዚህ ላይ ጨዋ ሰው ቢሆን «አላውቅም» ይላል። እኔ ግን መነጽሬን ወደ ላይ ገፋ አድርጌ «ሕጉ አይለይም» አልኩ። ይህ አልበቃኝም፤ ይዘው እዚያው ያስቀሩናል ብዬ ጨመርኩበት። ከየት አመጣኸው ብትሉኝ እኔም አላውቅም፤ ወረቀቱ ላይ እንኳ የለም። እማማ ወደ ምስራቸው ተመለሱ። ነገሩ በዚያ ያለቀ መሰለኝ።

ዱባይ ገባን። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያቺ ከተማ እንደ አማቴ ያለ ሕግ አክባሪ አይታ አታውቅም። ዜብራ ላይ ሰው ሁሉ ተሻግሮ እሳቸው ይቆማሉ። «አረንጓዴ ነው እኮ እማማ» ስላቸው «ይረጋጋ እስቲ» ይላሉ። ባቡር ውስጥ መድኃኒታቸውን የሚውጡበትን ውኃ እንኳ አልነካም ብለው ወርደን ነው የዋጡት። እኔም እንደ ጥሩ አስተማሪ በተማሪዬ ኮራሁ።

አንድ ነገር ግን ሳላስተውል ቀረሁ። ሠናይት በሩን ከፍታ ገና እንዳየቻቸው፣ ያን የሚያህል ሆድ ይዛ ጉልበታቸው ላይ ተደፋች። እማማ አቅፈው ሳሟት፣ ጀርባዋን ደባበሱ፣ «ተመስገን» አሉ፤ አበቃ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ጠዋት ከሥራ በፊት መጥታ ፊታቸው ጎንበስ ትላለች፤ እሳቸው መሐረባቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ደህና ዋይ» ይሏታል። ልጅቷ በየቀኑ እየከሳች ሄደች። እኔ እርግዝናው ነው ብዬ አለፍኩት። ወንድ ልጅ ያልገባውን ነገር ሁሉ እርግዝና ነው ብሎ ያልፋል።

የመመለሻችን ዕለት ጠዋት ኤርፖርት ሸኘችን። መግቢያው ላይ ስንደርስ ሠናይት የእናቷን ነጠላ ጫፍ ያዘችና ለቅሶዋን ለቀቀችው። «እማዬ፣ እስከ ዛሬ ይቅር አላልሽኝም ማለት ነው? ሳትመርቂኝ ልትሄጂ ነው? እኔ እኮ ያስመጣሁሽ ለሌላ አይደለም» አለች። ምጡ እያስፈራት ሌሊት እንቅልፍ እንደከለከላት፣ እናቷ ሳይመርቋት መውለድን አስባው እንደማታውቅ ተናገረች።

እማማ ደነገጡ። «ምኑን ነው ይቅር የምልሽ? እኔ እኮ እንዳያስሩሽ ብዬ ነው!» አሉና ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ሠናይትም ዞረች። እኔም የምዞርበት ሰው ባገኝ ደስ ባለኝ፤ ከኋላዬ ሻንጣው ብቻ ነበር። የሕጉን ነገር እየተንተባተብኩ አስረዳኋት። ሠናይት እንባዋን ጠርጋ «መንገድ ላይ ነው የሚከለክለው! ሳምንቱን ሙሉ የተቀመጥነው እኔ ሳሎን ውስጥ አይደለም እንዴ?» አለች።

እውነቷን ነው። ሳምንቱን ሙሉ ጣሪያና ግድግዳ ነበረን። ሕጉን አራት ገጽ ሙሉ ያነበብኩ ሰው ሳሎን መንገድ አለመሆኑን ማሰብ አቅቶኝ፣ አንዲት እርጉዝ ስታለቅስ ከረመች። አፈርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

«ተንበርከኪ» አሉ እማማ። «እማማ፣ እዚህ ሕዝብ መሃል...» ስል «ይሰሩኝ! አንተ ደግሞ ዞር በልልኝ!» አሉኝ። መሐረቡን ወርውረው መዳፋቸውን ዘረጉ። የታፈነው የሳምንት ምርቃት ወረደ። ማርያም በሽልም ታውጣሽ፣ የወለድሽው ይደግልሽ፣ ትዳርሽን ይባርክልሽ። ትዳርሽን ሲሉ ሠናይት እንደ ሕፃን ጮኸች። እኔ ደግሞ እንትፍ እንትፉ መቅረቡን ስላወቅሁ የእማማን ጋቢ ከሻንጣው ላይ አንስቼ እንደ መጋረጃ ዘረጋሁባቸው። በዚህ ዓለም ላይ ኤርፖርት ውስጥ ጋቢ ዘርግቶ እንደቆመ ሰው ፖሊስ የሚጠራ ነገር የለም።

ፖሊሱ መጣ። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፤ ምን እንደምሸሽግ ጠየቀኝ። ሠናይት ከጋቢው ሥር ብቅ ብላ፣ ግንባሯ እርጥብ እንደሆነ፣ በዐረብኛ ነገረችው። ፖሊሱ ሳቅ አለ። የእሱም አያት ከቤት ሲወጣ ቁርአን አንብባ እፍ እፍ እንደምትልበት፣ ያለዚያ ሥራ እንደማይገባ ነገራት። ችግሩ ሻንጣችን መንገድ መዝጋቱ ብቻ ነበር፤ እሱን ፈቀቅ አድርጉልኝ ብሎ ሊሄድ ሲል እማማ በእጃቸው ጠሩት። ምን ሊሉኝ ነው ብሎ ጎንበስ አለ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ፖሊሱ ግንባሩን በእጁ ጀርባ እየጠረገ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ እማማም «ቢጠርገውም ደርሶታል» አሉኝ።

አዲስ አበባ ገብተን ከቦሌ የያዝነው መኪና ከቤታችን ትይዩ፣ ከአዲሱ መንገድ ማዶ አወረደን። አገሬን ሳያት ደስ አለኝ። ሳምንት ሙሉ የታሰረ እግሬም ተፈታ፤ ሻንጣውን አንጠልጥዬ በመሃሉ አበባና ሣር ላይ ተረማምጄ ተሻገርኩ። ማዶ ስደርስ ፊሽካ ተነፋ። አንዲት ደንብ አስከባሪ ደብተሯን ይዛ ቆማለች። ማስጠንቀቂያው ፊት ለፊትህ ተለጥፎ የለም ወይ አለችኝ፤ ተለጥፏል። ለምን አላነበብክም አለችኝ፤ ይህን እኔን መጠየቋ ነው የገረመኝ።

እማማ ብርቄ ወደ ላይ ሄደው፣ ዜብራው ጋ ቆመው፣ መኪናው ሁሉ አልፎ ነገሩ እስኪረጋጋ ጠብቀው፣ ቀስ ብለው ተሻግረው መጡ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳቻቸውና የሠራሁትን ነገረቻቸው። እማማ እኔን ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፤ ከዚያ ክንዷን ያዝ አድርገው፣

«ማሪው የኔ ልጅ፤ እሱ ያነበበው የዱባዩን ብቻ ነው» አሏት።