አዮን በርካሽ ጀልባ ማሳፈር

ዋጋ መጠየቅ ሱስ ነው። ሌላው ሰው ቡናው ሲያልፍበት ራሱን እንደሚያመው፣ እኔን ሁለት ቀን ዋጋ ሳልጠይቅ ከዋልኩ ያመኛል። የማልገዛውን በቅሎ ዋጋ ጠይቄአለሁ። ሊሸጥ ያላሰበውን ሰው የቤቱን በር ስንት እንደሚል ጠይቄአለሁ። ልቅሶ ቤት ገብቼ የድንኳኑን ኪራይ ስጠይቅ ባለቤቴ ዘይነባ ጎኔን በክርኗ የወጋችኝ ቀንም አለ። እናንተም ብትሆኑ አትደብቁኝ፤ ጓደኛችሁ አዲስ ጫማ አድርጎ ሲመጣ ገና «ይመችህ» ሳትሉት ዓይናችሁ ምን እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። ልዩነታችን እኔ በአፌ መጠየቄ ብቻ ነው።

በደርግ ጊዜ ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ዘመኑ እንደ እኔ ላለ ሰው የሚመች አልነበረም። የቀበሌ ሱቅ ዋጋው ተለጥፎ ነው የሚጠብቃችሁ፤ ስኳሩ ሲኖርም አይቀነስም፣ ሳይኖርም አይቀነስም። የቀረኝ ገበያው ነበር። ገበያ ወጥቼ አንድ ሰሃን ቃሪያ በሃያ ሳንቲም አስቀንሼ የተመለስኩ ቀን ሱሪ ሳይቀር ቀጥ ብሎ ይሰፋልኝ ነበር።

እናቴ ደግሞ ተቃራኒዬ ነች። በቤታችን «አዮ» ነው የምንላት። አዮ ሻጩ የጠራውን የመጀመሪያ ዋጋ ትከፍላለች፤ በዚያ ላይ ምርቃት ትጨምርበታለች። ስቆጣት «ከአጋሮ ድረስ ተሸክሞት መጥቶ እኮ ነው!» ትለኛለች። የጅማ ነጋዴ በሙሉ ይወዳታል። እኔን ሲያዩ ደግሞ ዕቃቸውን በጆንያ መሸፈን የሚቃጣቸው ነበሩ።

ታዲያ አንድ ጠዋት የተማሪ ዩኒፎርም እየዘመዘምኩ፣ አዮ በሩ ላይ በርጩማ ስባ ተቀመጠችና ጉልበቷን እያሸች፣ «ናስር፣ እንዲያው ውሃ ላይ መሳፈር ስንት ያስከፍላል?» አለችኝ።

የስፌት መኪናውን አቆምኩት። አዮ ዋጋ ስትጠይቅ ስሰማ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ በልጅነቷ ሐጅ ሄዶ ነበር፤ ግማሹን በእግሩ፣ ግማሹን በበቅሎ ምፅዋ ደርሶ፣ ከዚያ በመርከብ። ከተመለሰ በኋላ ስለ መካ ሲጠይቁት አልቅሶ ዝም ይላል አሉ። ስለ መርከቡ ግን ጠዋት ጀምሮ ማታ አይጨርስም። ውሃው ከእግር ሥር እንዴት እንደሚተነፍስ፣ መሬት የሚባል ነገር እንዴት ከዓይን እንደሚጠፋ። አዮ ያንን እየሰማች ነው ያደገችው። ያየችው ትልቁ ውሃ ግን የአወቱ ወንዝ ነው፤ እሱንም ሲሞላ።

«ሐጁስ አላህ ካለ ነው» አለችኝ፣ «አቅሙም የለን፣ ወረቀቱም አይገኝ። ውሃውን ግን፣ ይህ ጉልበቴ ጨርሶ ሳይከዳኝ አንድ ቀን ብሳፈርበት። ብዙ የሚያስወጣ ከሆነ ተወው፣ ያ ኢልማ ኮ።»

«ያ ኢልማ ኮ» በኦሮምኛ «ልጄ ሆይ» ማለት ነው። አዮ ኦሮምኛውን ያመጣችው አንጀቴን ለመብላት መሆኑን አውቃለሁ። በላችው። ይህች ሴት ቀሚስ እንኳ ግዛልኝ ብላኝ አታውቅም። ስለዚህ እሷን፣ ዘይነባንና ሦስቱን ልጆች ይዤ በትምህርት ቤት ዕረፍት መርከብ ላሳፍር ቆረጥኩ። በርካሽ፣ እንዴታ።

ማጠያየቅ ጀመርኩ። ምፅዋ እንዳትሉኝ፤ በዚያ የጦርነት ጊዜ ስለ ምፅዋ ዋጋ መጠየቅ ራሱ ያስጠይቃል። ጣና ለስድስት ሰው የአውቶቡሱ ብቻ የስፌት መኪናዬን ያሸጠኛል። ላንጋኖ ጀልባ አለ አሉኝ፤ የሚሳፈርበት ግን ፈረንጅና ባለሥልጣን ነው። ተስፋ ልቆርጥ ስል ኮሌጅ የሚሠራ ተስፋዬ የሚባል የዝዋይ ልጅ ሱሪ ሊያሳጥር መጣ። «የእኛን ሐይቅ ማን ከለከለህ?» አለኝ። «ደሴት አለው፣ ሞተር ጀልባ አለው። በኮንትራት ይወስዷችኋል። ብቻ የመጀመሪያውን ዋጋ እንዳትከፍል፣ ተከራከራቸው።»

ይህን ቃል ለእኔ! ሱሪውን በነፃ አሳጠርኩለት።

የቀረው ከቀበሌ የመንቀሳቀሻ ወረቀት ማውጣት ነበር። ሊቀመንበሩ ብዕሩን አንስቶ «ምክንያት?» አለኝ።

«ሽርሽር።»

ብዕሩን አስቀመጠው። «ጓድ ናስር፣ ሰፊው ሕዝብ በምርት ዘመቻ ላይ እያለ አንተ ሽርሽር?»

«ሰፊውማ እኔ ነኝ» ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። እሱም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልቅሶ፣ ሕመም ወይ ሰርግ። ከሦስቱ አንዱን ምረጥ» አለኝ። ልቅሶ ብል ያልሞተ ሰው ልገድል ነው። ሕመም ብል አዮ «አታሟርት» ትለኛለች። ሰርግ አልኩ። «ለቅርብ ዘመድ ሰርግ፣ ዝዋይ» ብሎ ጻፈና ክብ ማኅተሙን አሳረፈበት።

ጉዞው በሰላም ነው የሄደው። አሰንዳቦ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም እኔ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ የአንድ ደርዘን ብርቱካን ዋጋ ስከራከር፣ አዮ በሌላኛው መስኮት ቅርጫቱን በሙሉ በተጠራው ዋጋ ገዝታ ለተሳፋሪው ስታድል ደረስኩባት። አዲስ አበባ የዘይነባ አክስት ቤት አደርን። በማግስቱ ዝዋይ ገብተን፣ እሑድ ጠዋት ሁላችንም የክት ልብሳችንን ለብሰን ሐይቁ ዳር ወረድን።

ባለ ጀልባው ባርኔጣውን ወደ ኋላ የደፋ ቀጭን ሰውዬ ነው። «ሠላሳ ብር» አለኝ።

«ስምንት» አልኩት።

«ስምንት ብሩን እንካ ብለህ ለሞተሩ ስጠው፤ ከተነሣልህ ይውሰዳችሁ» አለኝ። ወደድኩት። እንዲህ ያለ ሰው ካገኘሁ ቀኔ ብሩህ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ማልኩ፣ ሳቅሁ። እሱ ሃያ አምስት ደርሷል፣ እኔ አሥራ ሁለት ላይ ነኝ። አዮ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ውሃውን ታያለች። «ናስር፣ ክፈለውና እንሂድ» ትላለች በየመሐሉ። ይህንን ሰውየው በሰማ ቁጥር ዋጋው ባለበት ይቆማል።

በዚህ መሐል ከበሮ የያዙ፣ ነጭ በነጭ የለበሱ ሰዎች እየዘፈኑ መጡ። ጠላ በበርሜል፣ ድፎ ዳቦ በሰፌድ። ባለ ጀልባው እጁን አራገበ። «በቃ፣ ሰርገኞቹ ደረሱ፤ ከዚህ በኋላ ጀልባው ለእነሱ የተያዘ ነው። ነገ ተመለሱ።» ነገ! እኛ ነገ በወረቀቱ መሠረት መንገድ ላይ መሆን አለብን። ፊቴ ሲለወጥ አየና ልብሳችንን ከላይ እስከ ታች ቃኝቶ፣ «ወይስ እናንተም የሰርጉ ሰዎች ናችሁ? ለሰርገኛ እንኳ ነፃ ነው» አለኝ።

ነፃ።

ይህን ቃል ሰምቶ እንደ እኔ ያለ ሰው ምን እንደሚሆን ልትፈርዱልኝ ይገባል። ምላሴ ሳይንቀሳቀስ እጄ ኪሴ ገባና ወረቀቱን አወጣው። ሰውየው አነበበ፣ ማኅተሙን በአውራ ጣቱ ዳበሰ። «ማኅተም ያለው ዘመድ ዛሬ ገና አየሁ» አለና መንገድ ለቀቀልን። ከጀልባው ጫፍ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ወደ እኛ አዩ። ምንም አላሉም።

«የማን ሰርግ ነው?» አለችኝ አዮ።

«የ... ሰው ነው። ነይ፣ እጅሽን ስጪኝ።»

ሞተሩ ተነሣ። ልጆቹ ጮኹ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ዘይነባ ዓይኗን ጨፍና ክንዴን እንደ ልብስ መስቀያ ያዘችው። አዮ ግን ጫማዋን አወለቀች። ባዶ እግሯን የጀልባው ወለል ላይ አሳረፈች። ዳርቻው እየራቀ፣ ሰውና ከብቱ እያነሰ ሄደ። ጎንበስ ብላ እጇን ውሃው ውስጥ ከተተችና እዚያው ተወችው። ፊቷን አየሁት፤ የአሥር ዓመት ልጅ ፊት ነበር።

«አባቴ አልዋሸኝም» አለች።

ይኼኔ ብንመለስ ጥሩ ነበር። ግን ጀልባ የሰርገኛ ከሆነ የሚወስዳችሁ ሰርግ ቤት ነው። ደሴቷ ላይ ስንወርድ ዳሱ ተጥሎ፣ ሰው ተሰብስቦ ጠበቀን። «ከየት ናችሁ?» ሲሉን «ከጅማ» አልን። የጅማ ሰዎች መምጣታቸው ዳሱን በአንዴ ዞረ። የአዮን አለባበስ ሲያዩ ደግሞ እስላም መሆናችንን አወቁና ሌላ ግርግር ተነሣ፤ የእነሱን ሥጋ አንበላምና «እንዴት ጦማቸውን ይዋሉ!» ተባለ። ዓሣ ይበቃናል ብንል ማን ሊሰማን። ከየት እንደመጣ ያላየሁት የሰባ ፍየል እየተጎተተ መጣ፣ ቢላዋም እጄ ላይ ተቀመጠ።

ወገኖቼ፣ እኔ ከጨርቅ በቀር ምንም ቆርጬ አላውቅም። ከፍየሉ ጋር ተያየን። ሁለታችንም በነፃ እንደመጣን ገባን። ቢስሚላህ ብዬ፣ ዓይኔን ግማሽ ጨፍኜ፣ እንደ ምንም ተወጣሁት።

ዘይነባ ከዚያ በላይ አልቻለችም። ጥብሱ ሲቀርብ አዮ ጆሮ ላይ ተጠግታ ሁሉንም ነገረቻት። አዮ ያነሳችውን ጉርሻ መልሳ ሰፌዱ ላይ አስቀመጠች። ምርኩዟን ይዛ ተነሣች።

«አዮ፣ በአላህ ተቀመጪ! ያዋርዱናል!»

«የሰው ፍየል በውሸት ከምበላስ ልዋረድ» አለችና ቀጥ ብላ ወደ ሙሽራው አባት ሄደች። እኔ ከኋላዋ። የሙሽራው አባት ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? እኚያ ጀልባው ጫፍ የነበሩት ሽማግሌ። አቶ ወልዴ ይባላሉ።

በኦሮምኛ ነው የተነጋገሩት፤ ሁለቱም ከአማርኛው ይልቅ እሱ ይቀናቸዋል። «ወንድሜ» አለች አዮ፣ «እኛ ዘመዶችዎ አይደለንም። እኔ ውሃ ላይ ልሳፈር ብዬ ልጄን አስቸገርኩት፤ እሱ ደግሞ ርካሽ ሲል ይኸው ሌባ ሆንን። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅር ይበሉን።»

አቶ ወልዴ ጢማቸውን ዳሰሱ። «እህቴ፣ እኔ እኮ ዘመዶቼን በሙሉ በአንድ ጀልባ ነው የማመላልሳቸው። ጅማ ዘመድ እንደሌለኝ ይጠፋኛል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«እጅዎን ውሃው ውስጥ ሲከቱ አየሁዎት። እኔ ስልሳ ዓመት ተመላለስኩበት፤ እንደዚያ አድርጌ አይቼው አላውቅም። ታዲያ ሞተሩን አስቁሜ ውረዱ ልበል? ይልቅ ምግቡ እየቀዘቀዘ ነው።»

እኔ እፍረቱ ሲያጣድፈኝ አፌ ያለ ፈቃዴ ተከፈተ። «ፍየሉን እከፍላለሁ። ስንት ነው?»

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ከዚያን ቀን በፊትም በኋላም ዋጋ ጠይቄ እንደዚያ ያፈርኩበት ጊዜ የለም።

አዮ የብር አምባሯን ከእጇ አወለቀች፤ አባቷ ከመካ ያመጣላትን። ሄዳ ሙሽሪት እጅ ላይ አጠለቀችውና ረዥም ምርቃት መረቀቻት። ሙሽሪት ጉልበቷን ሳመች፣ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። የአምባሩን ዋጋ አውቀዋለሁ። አልነግራችሁም። አመሻሽ ላይ ስንመለስ ግን አዮ ባዶ ክንዷን ጀልባው ጠርዝ ላይ አስደግፋ፣ ከሙሽራው አክስት ጋር ስትሳሳቅ ነበር የተሻገርነው።

እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

በዓመቱ፣ ጥር ሲገባ፣ አቶ ወልዴ ከሙሽሮቹና ከስድስት ዘመዶቻቸው ጋር፣ በጠቅላላው ዘጠኝ ሆነው፣ የደረቀ ዓሣ በጆንያ ተሸክመው ጊንጆ ደጃፌ ላይ ቆሙ። «ሽርሽር አማረንና የት እንሂድ ብለን ዋጋ አጠያየቅን» አሉኝ ከልባቸው። «ከጅማ የሚረክስ አላገኘንም።»

ሁለት ሳምንት ተቀመጡ። እኔና ዘይነባ የስፌት ቤቱ ወለል ላይ ተኛን። የእነሱን ፍየል የሚያርድ ክርስቲያን ጎረቤት ጠራሁ። አጋሮ ወስጄ የቡናውን ጫካ አሳየኋቸው፤ አቶ ወልዴ ቡናው ጥላ ሥር ገብተው ቅጠሉን እየዳበሱ ቆዩ፣ አዮም አጠገባቸው ቆማ አንዱን ዛፍ ከአንዱ እየለየች ስታስረዳቸው ዋለች። እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። ሲሄዱ አለቀሰች። እኔም፣ እውነቱን ከነገርኳችሁ፣ የስፌት መኪናዬ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቶኝ ነበር።

አንዳንዴ አስባለሁ። ያን ዕለት ሠላሳ ብሩን ከፍዬ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ሐይቁ ዳር ያልቅ ነበር። ተሳፍረን፣ አይተን፣ ተመልሰን። ማንም ማንን አያውቅም።

በሁለተኛው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ዘይነባ ሳትጠየቅ ከገበያ ጥጥ ማጠራቀም ጀመረች። እኔም ወጥቼ ለዘጠኝ ሰው ፍራሽ የሚሆን ጨርቅ ገዛሁ። ዋጋ ተከራከርኩ ወይ? እንዴ! ግማሽ ቀን።